በአንድ ቀጣሪ ሥር ካለ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው፦ መልቀቂያ ነው ወይስ የዝውውር ማመልከቻ?

ጠመኔ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነኝ፣ ቅጥሬ ቋሚ ነው። ቀጣሪው አንድ፣ ትምህርት ቤቶቹ ግን ብዙ ናቸው፤ ካለሁበት ወደ ሌላኛው መዛወር እፈልጋለሁ። አንዱን ስጠይቅ «መልቀቂያ አስገባና እዚያ እንደ አዲስ ተወዳደር፣ ይፈጥናል» ይላል፤ ሌላው «ማመልከቻ ብቻ ይበቃል» ይላል። የሚያውቅ ቢያስረዳኝ፦ የሙከራ ጊዜ እንደገና ይጀምራል ወይ? ያልወሰድኩት የዓመት ፈቃድስ? የትምህርት ክፍሉ ተጠሪም ነኝ፤ አበሉ አብሮኝ ይሄዳል? ርዕሰ መምህሩ «ተተኪ የለኝም» ቢል ምን ይደረጋል? ስወጣ የማስረክበውስ ምን ምን ነው?


የማህደር ሰው፦

መልቀቂያ እንዳያስገቡ፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው። ዝውውር ማለት የሥራ ውሉ እንዳለ ሆኖ የሥራ ቦታው መቀየሩ ነው። መልቀቂያ ውሉን ይዘጋዋል። በማግስቱ እዚያው ቀጣሪ ዘንድ ቢገቡ እንኳ ማህደርዎ ላይ ሁለት ቅጥር ሆኖ ሊሰፍር ይችላል፤ የመጀመሪያው ተዘግቶ፣ ሁለተኛው ከዜሮ ጀምሮ። ጣጣው ዛሬ አይታይም። የእርከን ጭማሪ ሲሰላ፣ በአገልግሎት ዘመን የሚጨመር የፈቃድ ቀን ሲቆጠር፣ የስንብት ክፍያ ሲታሰብ፣ ይልቁንም ትምህርት ቤቱ ተማሪ ቀንሶበት ትርፍ መምህር ሲለይ ነው ብቅ የሚለው። ያኔ «የቅጥር ቀን» በሚለው ቦታ ላይ ያለው የሁለተኛው ቅጥር ቀን ከሆነ፣ ከእርስዎ በኋላ የመጡት ሁሉ ይቀድሙዎታል። «ይፈጥናል» ያለዎት ሰው አልዋሸም፤ መፍጠኑስ ይፈጥናል።

ቀጥሎ ቀጣሪው በእርግጥ አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። የትምህርት ቤቶቹ ስም መመሳሰሉ፣ ዩኒፎርሙ አንድ መሆኑ፣ የበላይ ኃላፊው አንድ መሆኑ ለዚህ ማስረጃ አይሆንም። የሚታዩት ወረቀቶች ሦስት ናቸው፦ በቅጥር ውሉ ላይ «ቀጣሪ» ተብሎ የተጻፈው ስም፣ በደመወዝ ወረቀቱ ላይ ያለው ከፋይና የግብር መለያ ቁጥሩ፣ የጡረታ መዋጮው የሚገባበት የአሠሪ ቁጥር። እነዚህን መሄድ በሚፈልጉበት ትምህርት ቤት ካለው ጋር ያስተያዩ። ቁጥሩ ከተለያየ ቅርንጫፎቹ ለየብቻ የተመዘገቡ ድርጅቶች የመሆናቸው ምልክት ነው። እንደዚያ ከሆነ «ዝውውር» የሚሉት ነገር በውስጡ የአንዱ ስንብትና የሌላው ቅጥር ነው። አይቻልም ማለቴ አይደለም፤ ግን የሚለቀው፣ የሚቀበለውና እርስዎ የፈረማችሁበት አንድ ሰነድ ያስፈልጋል። በሰነዱ ውስጥ «ከመጀመሪያው የቅጥር ቀን ጀምሮ ያለውን አገልግሎት፣ ያልተወሰደውን ፈቃድና የደረሰበትን የደመወዝ እርከን ተቀባዩ ድርጅት ይዞ ይቀጥላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከነቀኑና ከነቁጥሩ ይግባ። «አይዞህ፣ ይታሰብልሃል» የሚልዎት ኃላፊ የዛሬ ሦስት ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ላይኖር ይችላል።

የሙከራ ጊዜን በተመለከተ፣ ለአዲስ ሠራተኛ የተበጀ ነገር ነው። በዚያው ቀጣሪ፣ በዚያው የሥራ መደብ አንዴ ያለፈ ሰው ቦታ ስለቀየረ በአብዛኛው እንደገና አይፈተንም። የሚለየው መደቡ ሲቀየር ነው፤ ለምሳሌ ከመምህርነት ወደ ምክትል ርዕሰ መምህርነት። ያኔም ቢሆን «በአዲሱ መደብ ብቁ ሆኖ ባይገኝ ወደ ቀድሞ መደቡ ይመለሳል» የሚል መኖሩን ይዩ። በተግባር የሚያጋጥመው ችግር ሌላ ነው። ጸሐፊዋ የቅጥር ደብዳቤ ናሙና ከኮምፒዩተሩ አውጥታ ስሙን ትቀይራለች፤ የሙከራ ጊዜው አንቀጽ እዚያው ተረስቶ ይቀራል። ስለዚህ ሳይፈርሙ ያንብቡት። «ተቀጥረዋል» ሳይሆን «ተዛውረዋል» ይበል፤ ነባሩን የቅጥር ቀን ይጥቀስ፤ እርከኑን በቁጥር ይጻፍ፤ ዝውውሩ የሚጸናበት ቀን ይኑረው፤ ግልባጩም ለሁለቱም ትምህርት ቤቶች፣ ለፋይናንስና ለግል ማህደርዎ መሆኑ ከግርጌው ይታይ።

አበሉ አብሮዎት አይሄድም። መደበኛ ደመወዝ ሰውየውን ይከተላል፣ የተጠሪነት አበል ግን ኃላፊነቱን ይከተላል፤ ኃላፊነቱን ጥለው ሲሄዱ እሱም ይቀራል። የቤት ወይም የመጓጓዣ አበልም ከቦታው ጋር የተያያዘ ከሆነ እንደዚሁ። ከደመወዝ ወረቀትዎ ላይ መደበኛውን ብቻ ለይተው ያስሉና ያ የሚያኖርዎት መሆኑን አስቀድመው ይወቁ።

ፈቃድ ውሉ ካልተቋረጠ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ማስረጃው ነው። ከመውጣትዎ በፊት «የተፈቀደ ይህን ያህል፣ የተወሰደ ይህን ያህል፣ የቀረ ይህን ያህል ቀን» የሚል፣ የበጀት ዓመቱ የተጠቀሰበት፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይያዙ። የሕመም ፈቃድዎም ያለፈው ቆጠራ አብሮ እንደሚሄድ አይርሱ፤ አዲስ ትምህርት ቤት ስለገቡ ሞልቶ አይጠብቅዎትም።


ምክትሉ፦

መምህር፣ ከላይ የተባለው ትክክል ነው። እኔ የጊዜ ሰሌዳ ከሚሠራው ሰው ወንበር ላይ ሆኜ ልጨምር፤ ምክንያቱም ማመልከቻ ተቀባይነት የሚያገኘው ወይም የሚወድቀው እዚያ ነው።

«ተተኪ የለኝም» የሚለው መልስ አብዛኛውን ጊዜ የክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነው። የሒሳብ መምህር ስለሆንክ በቁጥር እንየው። 14 ሴክሽን አለ እንበል፣ ሒሳብ በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ ነው፤ 70 ክፍለ ጊዜ። መምህራኑ 3 ከሆኑ በነፍስ ወከፍ 23 ገደማ ይደርሳቸዋል። አንድ ሲወጣ 35 ሊሆን ነው። ጣሪያው 25 ቢሆን ሁለቱ የሚሸፍኑት 50 ነው፤ 20 ክፍለ ጊዜ፣ ማለትም 4 ሴክሽን ያለ ሒሳብ መምህር ይቀራል። ይህን የሚያውቅ ርዕሰ መምህር በወሩ መሀል ልቀቁኝ ቢባል እሺ የሚልበት መንገድ የለውም።

የተቀባዩንም ወገን እንዲሁ አስላ። እዚያ 8 ሴክሽንና 2 የሒሳብ መምህር ካለ 40 ክፍለ ጊዜ ለሁለት፣ እያንዳንዱ 20 ነው። አንተ ሦስተኛ ብትሆን ወደ 13 ይወርዳል። «ክፍት ቦታ አለ» ቢሉህም የሚያስፈልግ መምህር የለም ማለት ነው፤ ወይ ማመልከቻው ይወድቃል፣ ወይ ገብተህ በዓመቱ ትርፍ ተብለህ ወደማትመርጠው ትሄዳለህ።

ስለ ክፍት ቦታ አንድ ነገር ጠይቅ፦ መደቡ ባለቤት አለው ወይስ የለውም? በወሊድ ወይም በትምህርት ፈቃድ ላይ ያለች መምህርት ቦታ ከውጭ ሲታይ ባዶ ይመስላል። የመደቡ ባለቤት ስትመለስ ግን ቦታው የእሷ ነው። በጀት የተያዘለትና ሰው ያልተመደበበት መደብ ብቻ ነው ክፍት የሚባለው። ተቀባዩ ትምህርት ቤት ይህን በጽሑፍ ቢሰጥህ ማመልከቻህ ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው።

ከባዶ እጅ ይልቅ መፍትሔ ይዞ መሄድ ይሻላል። የተሻለው የእርስ በርስ ዝውውር ነው፦ ከዚያ ወደዚህ መምጣት የሚፈልግ መምህር መፈለግ። የትምህርት ዓይነቱ፣ የሚያስተምርበት የክፍል ደረጃና የቅጥሩ ዓይነት መገጣጠም አለበት። የ9ኛ ክፍል መምህርን በ12ኛ ክፍል መምህር ለመተካት ብትሞክር በወረቀት ሁለቱም «ሒሳብ» ቢሆኑም የጊዜ ሰሌዳው ላይ ይጣላሉ። ቋሚና ኮንትራት ቅያሪም አይሆንም፤ የኮንትራቱ ጊዜ ሲያልቅ ትምህርት ቤቱ ባዶ ይቀራልና። የሁለታችሁም ደብዳቤ በአንድ ቀን የሚጸና ይሁን። አንዱ ቀድሞ ከወጣና ሌላው ሐሳቡን ከቀየረ የሚጎዳው ቀድሞ የወጣው ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ የሚቀጥለው ዓመት የሰው ኃይል ፍላጎት ተሰልቶ ወደ ላይ ከመላኩ በፊት ማመልከቻህ ጠረጴዛው ላይ ይኑር። በጀትና መደብ ከጸደቀ በኋላ የመጣ ማመልከቻ፣ የቱንም ያህል ምክንያቱ ቢከብድ፣ የሚመለስበት ቦታ ተዘግቷል። በዓመቱ መሀል መሄድ ከባድ የሕመም ጉዳይ ወይም የደኅንነት ስጋት ካልሆነ አይመከርም፤ አንድ ክፍል በአንድ ሴሚስተር በሁለት እጅ ሲታረም የተማሪውን ውጤት ማስታረቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

የማህደር ሰው ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ስለ ወረቀቱ ሲያወሩ ሰውየውን ረሱት። ርዕሰ መምህሩ ዝውውርህን ከዋናው መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ከሰማ ነገሩ ይጠጥራል። አስቀድመህ ንገረው፣ ቁጥሩንም ይዘህ ግባ።


የማህደር ሰው፦

ቅሬታው ተገቢ ነው፣ በአንድ ማሻሻያ። ንግግሩ በቃል ይሁን፣ ማመልከቻው ግን በዚያው ሳምንት በመዝገብ ቤት በኩል ይግባ፤ ቁጥርና ቀን የተጻፈበት ቅጂም በእጅዎ ይቅር። የተወዳዳሪዎች ቅደም ተከተል በገባበት ቀን የሚለይበት መመሪያ ካለ፣ በቃል የተነገረ ነገር ቀን የለውም።

የደመወዙን ነገር ዘልዬዋለሁ። ፔይሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ) በየወሩ የሚዘጋበት ቀን አለው። ለምሳሌ በ20 ይዘጋ እንበል። ዝውውሩ ከሚቀጥለው ወር 1 ጀምሮ ይጸናል፣ ደብዳቤው ግን ፋይናንስ የደረሰው በ23 ነው። ያኔ ከሁለት አንዱ ይሆናል። አሮጌው ትምህርት ቤት ስምዎን ሳያወጣ፣ አዲሱ ደግሞ አስገብቶ ሁለት ጊዜ ይከፈልዎታል፤ ወይም አሮጌው ያወጣል፣ አዲሱ ገና አላስገባም፣ ወሩን ያለ ደመወዝ ያልፋሉ። ሁለተኛውን ለመከላከል የደመወዝ ማቋረጫ ማስረጃ (እስከ የትኛው ቀን እንደተከፈለዎት፣ መደበኛው ስንት እንደሆነ፣ የሚቆረጥ ብድር ወይም ቁጠባ ካለ ቀሪው ስንት እንደሆነ የሚገልጽ) በእጅዎ ይዘው ይሂዱ፤ በፖስታ ቤት አይላክልኝ ይበሉ። ሁለት ጊዜ ከተከፈለ ደግሞ ገንዘቡን አይንኩት፣ በጽሑፍ ያሳውቁ። ዝም ብለው ቢበሉት ኋላ ከደመወዝዎ ተቆርጦ ይመለሳል፣ ያውም በማይመችዎት ጊዜ።


ሮስተር፦

ርክክቡን እኔ ልውሰደው፤ ሰው የሚንቀው እሱን ነው።

ክሊራንስ (ከዕዳና ከንብረት ነፃ መሆንዎን የሚያሳየው ወረቀት) የሚያስፈርሙት ንብረት ክፍል፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ፋይናንስ፣ ሬከርድ ክፍል፣ በመጨረሻ ርዕሰ መምህር ነው፤ ቅደም ተከተሉ እንደ ቤቱ ይለያያል፣ ርዕሰ መምህሩ መጨረሻ መሆናቸው ግን ያው ነው። መዘግየት የሚመጣው ከንብረት ነው። በስምዎ ወጪ የሆነውን ዝርዝር አስቀድመው ያውጡና ከእጅዎ ካለው ጋር ያመሳክሩ። ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ፣ የመምህሩ መምሪያ፣ የጂኦሜትሪ መሣሪያ ከነሳጥኑ፣ የክፍልና የመሳቢያ ቁልፍ። የትምህርት ክፍል ተጠሪ ስለሆኑ ደግሞ ሌሎች መምህራን የወሰዱት መጽሐፍ በእርስዎ ፊርማ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ያንን በእያንዳንዱ ተጠቃሚ ስም አዙረው ካላስፈረሙ ጎደሎው የእርስዎ ዕዳ ሆኖ ይቀራል። ከመውጣትዎ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ይጀምሩት።

ማርክ ሊስቱ ላይ ድምሩን ብቻ ጥሎ መሄድ ትልቁ ጥፋት ነው። «43 ከ60» የሚል ቁጥር ለተተኪው ምንም አይነግረውም። እያንዳንዱ ፈተና በራሱ ዓምድ፣ ከላይ ከስንት እንደታረመና መቼ እንደተሰጠ ተጽፎ ይሁን። ባዶና ዜሮ ይለዩ። ታሞ ከ10 የሚያዘውን ፈተና ያልወሰደ ልጅ ባዶ ነው፤ ተፈትኖ ምንም ያላገኘ ዜሮ ነው። በኤክሴል ድምር ሲሠራ ባዶውን እንደ ዜሮ ያልፈዋል፤ አማካይ ሲሠራ ግን ባዶውን አይቆጥረውም። ስለዚህ ተተኪው የትኛውን ቀመር እንደተጠቀሙ ካላወቀ ያው ልጅ ሁለት የተለያየ ውጤት ይወጣለታል። ባዶው ቦታ ላይ «አልተፈተነም» ብለው በፊደል ይጻፉት፤ በሌላ ወረቀት ደግሞ ማካካሻ የሚጠብቁትን ልጆች ይዘርዝሩ።

ሌላው የደረሱበት ቦታ ነው። «ምዕራፍ 4 ላይ ነን» አይበቃም። የትኛው ንዑስ ርዕስ፣ የትኛው መልመጃ ቀረ፣ የትኛው ሴክሽን ወደ ኋላ ቀርቷል፣ የቱ ርዕስ እንደገና መከለስ አለበት፤ ለአንድ ሴክሽን ግማሽ ገጽ ይበቃል። ዓይኑ የሚደክም፣ ጆሮው የሚከብድ፣ ፊት መቀመጥ ያለበት ተማሪ ካለ ያንን በማስታወቂያ ሰሌዳ ሳይሆን ለተተኪው በእጅ ይስጡ።

የታረመ ወረቀት ይመልሱ፣ ያልታረመውን ደግሞ አርመው ይሂዱ። ያልታረመ ወረቀት ተሸክሞ አዲስ ትምህርት ቤት መግባት ክፉ ልማድ ነው።

የዲጂታሉ ነገር አጭር ነው። በትምህርት ቤቱ ኢሜይል የተከፈተ ፋይል አካውንቱ ሲዘጋ አብሮ ሊጠፋ ይችላል፤ የተተኪው የሆነውን ባለቤትነት ያዛውሩለት፣ የራስዎን የትምህርት ማስታወሻ ቅጂ ይውሰዱ። የተማሪ ስምና ውጤት ያለበትን ግን አይውሰዱ። የውጤት መመዝገቢያ ሥርዓቱ ላይ የአሮጌ ክፍሎችዎ የመግቢያ ፈቃድ መነሣቱንም ያረጋግጡ። ካልተነሣ፣ ወደፊት የተቀየረ ውጤት ቢገኝ ጥርጣሬው እርስዎም ጋ ይደርሳል።


ጠመኔ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ጥሩ ገባኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ማመልከቻው ላይ የምመርጠው ትምህርት ቤት እስከ ሦስት ነው፤ ዕድሌን ለማስፋት ሦስቱንም ልሙላ? ደግሞ ሄጄ ባይመቸኝ መመለስ ይቻላል?


ምክትሉ፦

የማትሄድበትን አትጻፍ። ሦስተኛ ምርጫ ቦታ መሙያ ይመስላል እንጂ የሚሠራ ምርጫ ነው፤ አንደኛውና ሁለተኛው ከሞሉ እዚያ ትመደባለህ። ከዚያ «አልሄድም» ብትል በብዙ ቦታ ለተወሰነ ጊዜ እንደገና ማመልከት አይቻልም፤ መመሪያውን እይ። «የትም ቢሆን እቀበላለሁ» የሚል ሳጥን ካለ ሳታስበው ምልክት አታድርግበት።

መመለስ ላይ፣ በራሱ የሚመጣ መብት የለም። ደብዳቤህ በጸናበት ቀን የለቀቅከው መደብ ባዶ ሆኖ ለሌላ ይከፈታል፤ ለመመለስ እንደማንኛውም ሰው ታመለክታለህ። ጊዜያዊ ምደባ ከሆነ ብቻ ነው ቦታህ የሚጠበቀው። ያም «እስከዚህ ቀን ድረስ በጊዜያዊነት» ተብሎ ከተጻፈ ነው።


የማህደር ሰው፦

ስለ ማመልከቻው ይዘት፦ አንድ ገጽ አይለፍ። ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የቅጥር ቀን፣ የትምህርት ዓይነትና ደረጃ፣ አሁን ያሉበት፣ የሚጠይቁት፣ እንዲጸና የሚፈልጉት ቀን፣ ምክንያት በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ የተያያዙ ማስረጃዎች ዝርዝር። ምክንያቱ ሕመም ከሆነ የሐኪም ማስረጃ፣ የትዳር ጓደኛ የሥራ ቦታ ከሆነ የጋብቻ ማስረጃና የእሷ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አብረው ይግቡ፤ ነጥብ የሚሰጠው ለማስረጃው ነው፣ ለትረካው አይደለም። ከሥራ ባልደረባ ጋር ያለ ጠብ ምክንያት ሆኖ አይጻፍ። ማህደር ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ተቀባዩም ርዕሰ መምህር ያነበዋል።

ከተከለከሉ መልሱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ «ተተኪ እስኪገኝ» ካሉ እስከ መቼ እንደሆነ ቀን ያስጽፉበት። ቀን የሌለው «እስኪገኝ» ዓመት ይሻገራል። የይግባኝ ጊዜ የሚቆጠረው መልሱ ከደረስዎት ቀን ጀምሮ ስለሆነ ፖስታውን ወይም የተቀበሉበትን ፊርማ አይጣሉ። የቀድሞው ትምህርት ቤት መሸኛ እስኪሰጥዎት ድረስ ደግሞ ከቀድሞው ቦታ አይቅሩ፣ አዲሱም «ሥራ ጀምረዋል» ብሎ መጻፉን ያረጋግጡ፤ በዚያ መሀል የቀሩበት ቀን በሁለቱም ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ «ቀሪ» ሆኖ ሊጻፍ ይችላል።


ጠመኔ፦

ተቀባዩ ትምህርት ቤት ስላለው መደብ ጠየቅኩ፤ የመደቡ ባለቤት በትምህርት ፈቃድ ላይ ናት። ወደ እርስ በርስ ዝውውሩ ዞሬያለሁ።